እትዬ ስመኝ ያላለሰለሱት ቃል

«ያውርዱት!»

«አላወርድም።»

«ጋሼ ታደለ፣ ቦርሳውን ያውርዱት ነው የምልዎት!»

«ሰው ቤት ገብተሽ የግድግዳ ሚስማር ታዣለሽ እንዴ? እዚያው ትምህርት ቤትሽ እዘዢ!»

«ትምህርት ቤቱ እኮ ነው የላከኝ። ወር ሙሉ ወረቀት ቢልኩ መልስ የለም። ቤቱ ሰው የለበትም ወይ አሉኝ።»

«አለበት! ይኸው አራት ሰው አለበት!»

«ዳይ፣ አባ!» አለች ያኤል ከጠረጴዛው ሥር፤ ይበቃል ማለቷ ነው። ታናሽ እህቴ ናት፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትልቅ ሰው ሲጣላ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ በአማርኛ ብናናግራትም የምትመልሰው በዕብራይስጥ ነው።

እትዬ ስመኝ ሁለተኛ አልለመኑም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነበርና በካልሲያቸው ወንበር ላይ ወጡ፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ ካለው ሚስማር የያኤልን የትምህርት ቤት ቦርሳ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። አሥራ አንድ ወረቀት ወጣ። ከወረቀቶቹ ጋር የሻገተ ግማሽ ዳቦ፣ ክዳኑ የጠፋ ሙጫና አንድ እግር ካልሲ ወጣ። አባቴ ፊቱን አዞረ። የሌላ ሰው ገላ በድንገት እንዳየ ሰው ነበር ያፈረው።

«የልጅ ዕቃ መበርበር ሌብነት ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በዚህ አገር አለመበርበር ነው ጥፋቱ» አሉ እትዬ ስመኝ፤ ወረቀቶቹንም በየቀናቸው መደርደር ጀመሩ።

እትዬ ስመኝ በዚህ ክረምት አረፉ። መርዶውን የሰማሁት ከአባቴ ነው። የሰፈራችን ሰዎች በስልክ በሚላላኩበት ቡድን ላይ አንድ ሰው በድምፅ ተናግሮት፣ አባቴ ወጥ ቤት ቆሞ ሦስት ጊዜ አዳመጠውና ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። «ስመኝ አረፈች» አለኝ። ስማቸውን ከአፉ ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቀብራቸው ላይ እኔና እናቴ ሄድን። እሱ አልሄደም። ስንመለስ ግን ኮቱን ለብሶ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ለመሄድ ተነሥቶ ይሁን ለመቅረት ወስኖ አልጠየቅነውም።

የሳቸው ሥራ በዕብራይስጥ መጋሼሬት ይባላል፤ በትምህርት ቤትና በኛ ዓይነት ወላጅ መካከል ቆሞ፣ የአንዱን ነገር ለሌላው ማስረዳት ነው። ራሳቸው በልጅነታቸው በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። እኛን ዘግይተን ከጎንደር የመጣነውን፣ እዚህ ሃያ ዓመት ብንቀመጥም «አዲሶች» ይሉን ነበር፤ በፍቅር ነው የሚሉት፣ አባቴ ግን አይወድላቸውም። አጭር ሴት ነበሩ። ሁለት መነጽር ነበራቸው፤ አንዱ አፍንጫቸው ላይ፣ አንዱ ጸጉራቸው ላይ። «ይኼ ለወረቀት ነው፣ ያ ለሰው ፊት» ይላሉ። ወላጅ ሰበብ መደርደር ሲጀምር የፊቱን መነጽር ያወልቁና በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሰበቡ እስኪያልቅ ይጠርጋሉ። እናቴ «መነጽሩ እኮ ጠራ» ስትላቸው፣ «ነገሩ አልጠራም» ብለው ይቀጥላሉ።

ሰፈራችን ራማት ኤሽኮል ውስጥ ያልወጡት ደረጃ ያለ አይመስለኝም። ኪታ አሌፍ የገባ፣ ማለትም አንደኛ ክፍል የጀመረ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ የሳቸው ነበር። የእጅ ቦርሳቸው የሱቅ ፌስታል ነው፤ ውስጡ እርሳስ፣ መቅረጫና የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ሲገቡ ከቤቱ ወንበሮች ዝቅተኛውን መርጠው ይቀመጣሉ። የሚቀርብላቸውን የሚቀምሱት ወረቀቱ ሁሉ ከተነበበ በኋላ ነው።

አባቴ ቦርሳውን ለምን እንደሰቀለው ልንገራችሁ። ንቆት አይደለም። የአባቴ አያት ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። መጽሐፋቸው በቆዳ ማኅደር ሆኖ ከግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር፤ ልጅ አይነካውም፣ ሴት አትዳስሰውም፣ እጁን ያልታጠበ አያወርደውም። አባቴ ማንበብ ሳይማር ያደገ ሰው ነው፤ ስለ ፊደል የሚያውቀው ትልቁ ነገር ከመሬት ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ ነው። ያኤል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ይቀበላል፣ በእጅጌው ይጠርገዋል፣ ይሰቅለዋል። ጠዋት ያወርድላታል። መምህርቷ ደግሞ ማታ ማታ ቦርሳው ተከፍቶ፣ መልእክቷ ተነቦ፣ የቤት ሥራው ተፈርሞ እንዲመጣ ትጠብቃለች። ፈረስ ያለበት ሮዝ ቦርሳ እንደ ዳዊት ተሰቅሎ እንደሚያድር ማን ነግሯት? እሷ የጻፈችው «ወላጆቹ ደንታ የላቸውም» የሚል ነው። ይህን ስሕተት ከኛ በቀር ማን ሊሳሳተው ይችላል እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በአክብሮት የተሠራ ስሕተት ነው፤ ለዚህም ነው ለማረም ያስቸገረው።

በአሥራ አንደኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው ከሁሉ ይከፋ ነበር። ያኤል በክፍል ውስጥ አትናገርም፣ ስትጠየቅ ታቀረቅራለች፣ የሚባለው አይገባትም፤ ስለዚህ ጉዳይዋ ለቫዓዳ ይቀርባል ይላል። ቫዓዳ ማለት ሦስት አራት ባለሙያዎች ተቀምጠው ልጅ የት ክፍል ይማር ብለው የሚወስኑበት ጉባኤ ነው። እትዬ ስመኝ ያን ወረቀት በወረቀቱ መነጽር ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት አባቴን ሳይሆን እኔን ነበር።

«እስከ ፋሲካ ጊዜ አለን» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከራት በፊት ይመጣሉ። ያኤልን ለማስተማር አልነበረም። የሚያስተምሩት እናቴንና አባቴን ነበር።

«ውቤ» ይሏታል እናቴን፣ «ሂጂ ቦርሳውን ክፈቺ። መጀመሪያ ዳቦውን እዪ። ካልበላችው ለምን እንዳልበላች ጠይቂያት፤ አብሯት የሚቀመጥ ልጅ አጥታ ይሆናል። ከዚያ ደብተሩን። ከዚያ ወረቀቱን። ወረቀት ካለ ለትርንጎ ስጪያት፣ ታንብብልሽ።» ትርንጎ እኔ ነኝ።

«ደብተሩን አይቼ ምን አውቅበታለሁ፣ እትዬ? እኔ እንደሆነ አላነብም።»

«ጣቷን ተከተዪ። ስታነብ ጣቷን ከቃሉ ሥር ታድርግ። ጣቷ ከሄደ እያነበበች ነው፤ ጣቷ ከቆመ ተቸግራለች። ያን ጊዜ እስቲ እንደገና በያት። ለዚህ ማንበብ ማወቅ አያስፈልግሽም።»

«ብትሸውደኝስ?»

«አንቺን ትሸውድ ይሆናል፣ ጣቷ ግን አይሸውድም።»

ሌላው ትእዛዛቸው ስለ ቋንቋ ነበር። እናቴ ልጅቷን የረዳች እየመሰላት፣ ከሥራ ቦታ በለቀመችው ዕብራይስጥ ታናግራት ነበር። «ተይ» አሏት፤ «በምታውቂው አውሪያት። የሰፈርሽን ወሬ፣ የአውቶቡሱን ወሬ፣ ያበሳጨሽን ሰው ሁሉ በአማርኛ ንገሪያት። በአንድ ቋንቋ እስክትጠግብ ያወራች ልጅ ሁለተኛው አይከብዳትም። የተሰባበረ ሁለት ከምትሰጫት ሙሉ አንድ ስጫት።»

ከሁሉ የከበደው የዓይን ነገር ነበር። አባቴን ያኤል ፊት ለፊት አስቀመጡት።

«ያኤሊ፣ አባባን ዓይን ዓይናቸውን እዪና አልገባኝም በያቸው።»

«ሎ ሮጻ» አለች ያኤል። አልፈልግም ማለቷ ነው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባቴ። «በልጄ ልታስደፍሪኝ ነው?»

«እንድትደፍርዎት አይደለም፣ እንድታይዎት ነው። መምህርቷ አቀርቅራ የምትሰማ ልጅ አታውቅም፣ ጋሼ። ስታቀርቅር አልገባትም ብላ ነው የምትጽፈው።»

«እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኋት። ጨዋ ናት።»

«ጨዋ ናት። ጨዋነቷ በዚያ ክፍል አይነበብም።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ዓይኑን አፈጠጠ። ያኤል ቀና ብላ አየችው። አየችውና በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳይወድ ሳቀ። ለሦስት ሳምንት እንዲህ ተለማመዱ፤ በመጨረሻ እየሳቀችም ቢሆን ዓይኑን እያየች «አልገባኝም፣ አባ» አለችው፣ በአማርኛ። አባቴ ያን ቀን ወደ መስኮቱ ሄዶ ብዙ ቆመ።

አንድ ቀን ትምህርቱ መሐል ላይ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲረን ጮኸ። ሕንፃችን አሮጌ ነው፤ መጠለያ ክፍል የለውም፤ ደረጃው ላይ ነው የምንቀመጠው። እትዬ ስመኝ በካልሲያቸው ወጡ። ደረጃው ግድግዳ ላይ የነዋሪዎች ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ብስክሌት እዚህ ማቆም ክልክል ነው የሚል። ያኤልን አቀፉና «ይኼን አንብቢልን» አሏት። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አኖረች። ሰማዩ ሲፈነዳ ጣቷ ቆመ። እናቴ «እስቲ እንደገና» አለቻት። ጣቷ ሄደ። ብስክሌት ማቆም ክልክል መሆኑን ከነቅጣቱ እስከ መጨረሻው አነበበችልን።

ካርቶን በማሽግበት ፋብሪካ፣ በእረፍት ሰዓት፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። የአማርኛውን ፊደል ከስልክ ላይ ብቻዬን ነው የለመድሁት። በዚያው ክረምት አንዱን ለእትዬ ስመኝ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡና ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ። «ጣቴ እዚህ ቆመ» አሉኝ። «ያልተሰማሽን ጽፈሻል።» ልክ ነበሩ። ተናደድኩ፤ ካርቶኑንም ቀደድኩት። እስከ ዛሬ ግን ስጽፍ የምፈራው ያን ጣት ነው።

እኛ ቤት እንዲህ የደከሙበትን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ አሥራ ስድስት ዓመት በፊት እኔም ኪታ አሌፍ ገብቼ ነበር። ያም ሚስማር መጀመሪያ የተመታው ለኔ ቦርሳ ነው። እኔም አቀርቅሬ ነበር፤ የኔም ወረቀቶች እዚያው በስብሰው ነበር፤ የኔም ጉዳይ ለቫዓዳ ቀረበ። እትዬ ስመኝ ያን ጊዜ ለሥራው አዲስ ነበሩ። አባቴና እናቴ ፊት ተቀምጠው መተርጎም ነበረባቸው። በኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም፤ ከመልካሙ ይጀመራል፣ ይዞራል፣ ይለሰልሳል። እሳቸውም ከመልካሙ ጀመሩ። «ክፍሏ ትንሽ ናት። ልጆቹ ስምንት ብቻ ናቸው፣ መምህራኑ ሁለት። ጠዋት ጠዋት መኪና ከደጃፍ ይወስዳታል።» አባቴ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ምን ያህል ቢያከብሩን ነው አለ። እትዬ ስመኝ የቀረውን መናገር አቃታቸው፤ አባቴም ፈረመ። በዕብራይስጥ ስሙን መጻፍ የለመደው በዚያው ዓመት ነበር፤ ሲፈርም ሥዕል እንደሚሥል ሰው ምላሱን ነክሶ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃሳዓው መጣ፤ ልጆችን ከየቤቱ የሚያመላልሰው መኪና። አባቴ በየጠዋቱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ታች ይቆማል፣ በሩን ይከፍትልኛል፣ ሾፌሩን ያመሰግናል። ለጎረቤት ሁሉ «የኔ ልጅ በመንግሥት መኪና ነው የምትማረው» ይላል። ክፍሉ የምን ክፍል እንደሆነ በዘጠኝ ዓመቴ ገባኝ፤ የጎረቤት ልጅ በሁለት ቃል ነገረችኝ። ያ ክፍል የሚያስፈልጋቸው ልጆች ነበሩበት፤ ደግ ክፍል ነበር ለነሱ፤ አሁንም ጓደኞቼ ናቸው። እኔ ግን ከነሱ አልነበርኩም፤ ያኔ እዚያው ሁለት ሲደመር ሦስት እየቆጠርኩ ቀረሁ። ለአባቴ ልነግረው እወስናለሁ፤ ከዚያ መኪናው ይመጣል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። አልነገርኩትም። እትዬ ስመኝም አልነገሩትም። እኔና እሳቸው ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን አንገቴን አቅፈው ከሚገባው በላይ ያቆዩኛል።

ለያኤል ቫዓዳ የተጠራነው ከፋሲካ በኋላ፣ ባሕሩ አጠገብ አፍሪዳር ሰፈር ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ነው። ማርፈድ የማይወደው አባቴ ኮቱን ለብሶ ቀድሞ ገባ። እናቴ ያኤልን ይዛ ቤት ቀረች። እኔና እትዬ ስመኝ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ነበር፤ የፌስታላቸውን አፍ በእጃቸው ይዘውታል።

«ታነባለች እኮ አሁን» አልኳቸው። «መምህርቷም ተሻሽላለች ብላለች።»

«ብላለች። ፋይሉ ግን ተከፍቷል። የከፈቱትን መዝጋት አይወዱም። ትንሿን ክፍል ነው የሚሉት።»

«እና ምን ያደርጋሉ?»

«ለአባትሽ ወረቀቱ እንደሚለው እነግራቸዋለሁ። አንድም ሳላስቀር።»

«እትዬ፣ አባቴ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«ስለ ያኤል ብቻ ይንገሩት። ትንሽ አዙረው። አትፈርም ይበሉት፣ ይበቃል።»

«ምክንያቱን ካልነገርኳቸው ይፈርማሉ። አባትሽ ሰው አክብረው የሚፈርሙ ሰው ናቸው።» የፊቱን መነጽር ከጸጉራቸው ላይ አውርደው አደረጉት። «አዙሬ ነው አንቺን የጣልኩሽ፣ ትርንጎ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ሲሉት የኖሩ ይመስል ነበር።

«ከነገሩት የኔንም ያውቃል» አልኩ።

«ያውቃሉ።»

«ከዚያ እኛ ቤት አይገቡም።»

«እኔ ባልገባ ምን አለ?» አሉ። «እናትሽ ጣት መከተል ታውቃለች።»

መነጽራቸውን አወለቁና መጥረግ ጀመሩ። የምደረድረው ሰበብ አልነበረኝም፤ እሳቸው ግን ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ተጠርተን ስንገባ፣ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች በአንድ ወገን ተቀምጠው ነበር። ሰብሳቢዋ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች፤ ፈገግ እያለች ረጅም ተናገረች። አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ገና ምንም ሳይተረጎምለት፣ ባረፈች ቁጥር «ቶዳ» እያለ ያመሰግናታል። ስትጨርስ ወረቀቱንና እስክርቢቶውን ወደሱ ገፋች። አባቴ እስክርቢቶውን አነሣ።

እትዬ ስመኝ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ጣሉ።

«አይፈርሙ። መጀመሪያ ይስሙ።»

«ምን አለች?»

«ያኤል ከእኩዮቿ ጋር መማር አትችልም ነው የምትለው፣ ጋሼ። አእምሮዋ ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የምትለው። ትንሿ ክፍል ለእንደዚህ ያሉ ልጆች ናት። ከዚያች ክፍል ወደ ትልቁ የሚመለስ ጥቂት ነው። እርስዎ ከፈረሙ ትሄዳለች። አልፈርምም፣ እዚያው ክፍሏ ውስጥ እርዱልኝ ማለት መብትዎ ነው።»

አባቴ እስክርቢቶውን እንደያዘ ነበር። «ክፍሏ ልጆች ጥቂት የሆኑባት ናት?»

«ስምንት ናቸው።»

«መምህራኑ ሁለት?»

«ሁለት።»

«መኪናውስ?»

«መኪናው ልጆቹ መንገዱን ለብቻቸው አይችሉትም ተብሎ ነው።»

ሰብሳቢዋ ፊቱን አይታ በዕብራይስጥ «ምን አልሻቸው?» አለች።

«ያልሽውን» አሉ እትዬ ስመኝ፣ ዓይናቸውን ከአባቴ ሳያነሡ።

«ያን ጊዜስ?» አለ አባቴ። «የትርንጎ ጊዜ?»

«ያን ጊዜም ይኸው ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ለሥራው አዲስ ነበርኩ፤ ተነሥተው እጅ ሲነሡ አፌ ተያዘ። ሰበብ አይደለም። አውቅ ነበር።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። እንደ ያኤል ጊዜ አላፈጠጠም፤ ዝም ብሎ ብቻ አየኝ።

«አንቺስ?»

ማቀርቀር ፈለግሁ። አላቀረቀርኩም። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት።

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ያልተፈረመውን ወረቀት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ፣ ወደ ሰብሳቢዋ በሁለት እጁ መለሰላት። «ሎ» አላት። በዕብራይስጥ ለባለሥልጣን እንቢ ሲል የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰብሳቢዋ ልትናገር አፏን ስትከፍት ደገመላት፤ «ሎ። ያኤል እዚያው።» ከዚያ ባርኔጣውን አደረገ። በእትዬ ስመኝ ወንበር ጀርባ ሲያልፍ እጁ ትከሻቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ አልነካውም።

እትዬ ስመኝ ተነሡ። «ጋሼ» አሉ። «ጋሼ ታደለ።»

አባቴ ወጣ። በሩ ተዘጋ።